ናፍጣ የሸተተው ዘይት

የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ ጊዜ የማይሸት ነገር አልነበረም። ቅቤ ይሸታል፣ የልብስ ሳሙና ይሸታል፣ የባጃጅ ወንበር ይሸታል። ከሆሳዕና ገበያ ዝናብ ባባራ ቁጥር የሚነሣው የበሰበሰ ጎመን ሽታ እስከ ቤቴ ተከትሎኝ ይመጣል። እየወደድኩት ያደግኩት ቆጮ እንኳ ከተጠቀለለበት ቅጠል ሲወጣ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወደ ጓሮ እሮጥ ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን መጥተው ያልፋሉ። አላልፍ ያለኝ የባለቤቴ ሽታ ነበር።

ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሳገባውም መኪና ይነዳ ነበር፣ አሁንም ይነዳል። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለችን። እኔ ዶዮገና ወጥቼ ከገበሬው ድንች እገዛለሁ፣ እሱ ይጭናል፣ ሆሳዕና አውርደን ለአከፋፋይ እናስረክባለን። መንገዱ ላይ ብዙውን ጊዜ አብሬው ነበርኩ። የመኪናዋ ሞተር ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው፤ ዳገት ስትወጣ ሙቀቱ በመቀመጫዬ በኩል ይመጣል፤ ከሙቀቱ ጋር ደግሞ ሽታው።

የናፍጣን ሽታ አላውቅም እንዳልል፣ ከባሌ ልብስ ላይ ስንት ዓመት አጥቤዋለሁ። ጠልቼውም አላውቅም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የተቃጠለ ዘይት ላይ ጥሬ ናፍጣ አፍስሰው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ፀሐይ ላይ አሰንብተው የከፈቱት ይመስላል። ትንሽ ጣፋጭነት አለው፤ የሚያስጠላውም እሱ ነው። ጉሮሮዬ ሥር ይለጠፍና ውኃ ብጠጣ አይወርድም፣ ሎሚ ብልስ አይለቅም። ምራቄን መዋጥ ስለማልችል ከዶዮገና ሆሳዕና በመስኮት እየተፋሁ እመጣለሁ።

«ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» እለዋለሁ።

«መኪና ነዋ! ሽቶ እንዲሸት ፈለግሽ?» ይላል።

እሱ በዚያ ሰሞን በመኪናዋ ደስተኛ ነበር። ድሮ በየጊዜው ዘይት ትጠጣ ነበር፤ አሁን መጨመር ካቆመ ሰንብቷል። ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። «ልኩን ባየሁ ቁጥር ሙሉ ነው። እንዲያውም ከፍ ብሎ ነው የማገኘው» ይላቸዋል። እነሱም «ታድለህ!» ይሉታል።

«ሳትጨምርበት እንዴት ከፍ ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ተመቻት ማለት ነው» አለኝ፤ የመኪናዋን በር እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ እያደረገ።

ማታ ማታ ሲገባ ሽታውን ይዞ ይገባል። ታጥቦም ይሸታል። በፀጉሩ ውስጥ፣ በጥፍሩ ሥር፣ በትራሱ ላይ አለ። እራት አብረን ስንበላ እጁ ወደ ሰሃኑ ሲዘረጋ የኔ እጅ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛት ጀመርኩ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «እሰይ!» አሉ በሀዲይኛ፤ «ባሏን የጠላች እርጉዝ ቁርጥ ባሏን የሚመስል ነው የምትወልደው። ስትገላገይ ይለቅሻል።» እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታው በተናገርኩ ቁጥር መልሱ ያው ሆነ፤ «ልጁ ነው፣ ልጁ ነው።» እኔም ማመን ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ግን ድንች ልንጭን ከመውጣታችን በፊት ግቢያችን ውስጥ ጋቢናውን ገልብጦ ዘይቱን ሲያይ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የዘይት መለኪያውን ቀጭን ብረት መዝዞ አወጣ። ከብረቱ ጫፍ ጠቆር ያለ ነገር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ሽታው ፊቴን እንደ እርጥብ ጨርቅ መታኝ። ጎማው ሥር ተንበርክኬ ጠዋት የቀመስኳትን ሁሉ አስመለስኩ።

ቀና ስል «ይኼ ነው» አልኩት። «ሁልጊዜ የምልህ ሽታ ይኼ ነው። ዘይቱ ውስጥ ናፍጣ አለ።»

ብረቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ዘይት ነው።»

«ዘይት እንዲህ ይንጠባጠባል? እንደ ውኃ?»

«ሲሞቅ ይቀጥናል።»

«ሞተሩን መች አስነሣኸው?»

ብረቱን በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተው። ጨርቁን አጠገቤ ሲጥለው እንደገና አቅለሸለሸኝ። ክፋት ኖሮት አይደለም። ያ ሽታ ለእሱ ሽታ መሆኑን አቁሞ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በውስጡ ኖሯል።

የዚያኑ ዕለት ሆነ የሆነው። ዶዮገና ጉም ወርዶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ ድንቹን ጭነን ስንመለስ አንድ መታጠፊያ ላይ ከብቶች መንገድ ዘግተው ነበር። ማርሹን ነፃ አደረገና እስኪያልፉ ቆምን። ድንገት ሞተሩ ድምፁ ከፍ አለ። እሱ ነዳጁን የረገጠ መስሎኝ ወደ እግሩ አየሁ፤ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። ድምፁ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ጩኸት ሆነ። ጋቢናው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላችን ነጭ ጭስ ተነሥቶ ጉሙን ዋጠው።

«አጥፋው!» አልኩ።

«አጥፍቼዋለሁ!» አለኝ። ቁልፉን ነቅሎ እጁ ላይ ይዞታል። ሞተሩ ያለ ቁልፍ ይጮኻል።

የባሌን ፊት እንደዚያ አመድ መስሎ አይቼው አላውቅም። «ውረጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። በሩን ከፍቼ ሆዴን ይዤ ጭቃው ውስጥ ወረድኩ። ከብቶቹ በርግገው ተበትነዋል፣ እረኞቹ ይጮኻሉ። እሱ አልወረደም። በኋላ እንደነገረኝ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን እስከ ታች ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። መኪናዋ ወደ ፊት ተወርውራ ድንቹን ሁሉ አናውጣ ቀጥ አለች። ሞተሩ ታንቆ ጠፋ፤ ጸጥታ ሆነ።

ጭሱ ግን አልሄደም። ከጉሙ ጋር ተጋብቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ቅባት ያለው ጭስ ነው፤ ከንፈሬ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ ተቀመጠ። በምላሴ ቀመስኩት። ያ ጣፋጭ ነገር ነው፣ የተቃጠለው። መንገድ ዳር ባለ የእንሰት ተክል ሥር ተደፍቼ የማስመልሰው ነገር ሳይኖረኝ ሆዴ እየተገለበጠ ብዙ ቆየሁ። ከቅርብ ቤት አንዲት ሴት በጣሳ ውኃ ይዛ መጣች። ፊቴን ስታጥበኝ የገዛ እጇ ጠቆረ። እጇን አየችና ሳሩ ላይ ጠረገችው፤ ፊቷን ስታኮማትር አየሁ። የመጀመሪያዋ ያመነችኝ ሰው እሷ መሰለችኝ።

ባለቤቴ ጋቢናውን ገልብጦ የዘይቱን መለኪያ አወጣ። ከምልክቱ በላይ ብዙ ርቆ እስከ መያዣው ድረስ ረጥቧል። በሁለት ጣቱ መሐል አሸው፣ አሸተተው፣ እንደገና አሸተተው። ወደ እኔ ቀና ብሎ አላየም።

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ሆሳዕና ጋራዥ ገባች። በማግሥቱ አብሬው ሄድኩ፤ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ የዘይት መውጫውን ቡሎን ሲፈታ፣ እንደ ሌላ ጊዜ እየተጎተተ የሚወርድ ወፍራም ዘይት አልመጣም። እንደ ቧንቧ ተንዠቀዠቀ። የአንድ ሞተር ዘይት የሚይዘው ባልዲ ሞላ፤ ሌላ አመጡ፤ እሱም ወደ መሙላት ደረሰ። ላዩ ላይ ቡናማ አረፋ ይዟል። ሎሚ የጨመቅሁበትን መሐረብ አፍንጫዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። የፈሰሰው ደግሞ በጋራዡ አጥር ሥር ወዳለው ቦይ ይወርዳል። የዝናቡ ውኃ ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም እየተንቀሳቀሰ ታች ድረስ ይሄዳል፤ ታች የሰው በግ ከዚያው ቦይ ትጠጣለች።

«ይኼ ዘይት አይደለም» አለ መካኒኩ ከሥር ወጥቶ እጁን እየጠራረገ። «ግማሹ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፕ ላይ ናፍጣውን ከዘይቱ የምትለይ ጎማ አለች፤ እሷ አልቃለች። ናፍጣው ቀስ በቀስ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ለዚህ ነው ልኩ ከፍ ሲልላችሁ የኖረው። በጣም ሲበዛ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ይሠራል። ያን ጊዜ ቁልፍ ብታጠፋ አይሰማህም።»

«ሞተሩስ?» አለ ባለቤቴ።

«በቀጭን ዘይት ስንት ጊዜ ሠራ? ብረትና ብረት ሲፋጭ ከርሟል። ተፈትቶ መታየት አለበት። ሥራ አለው።»

ሥራ አለው ማለት መኪናዋ ትቆማለች ማለት ነው። መኪናዋ ቆመች ማለት ከገበሬው ገና ያላነሣሁት ድንች ዶዮገና ይበሰብሳል ማለት ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ደላላው የመጣው ገና ከጋራዡ ሳንወጣ ነው። የመኪና ደላላ ነው፤ የተበላሸ መኪና ያለበትን ቦታ ማን እንደሚነግረው አላውቅም። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ፣ ያወጣውን እያየ መልሶ እየበላ፣ ባለቤቴን ትከሻውን አቅፎ ወደ ጥግ ወሰደው። እሱ ግን ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም።

«ምን አስፈታህ? ለምን ትከስራለህ? ይኼን ድፋው፣ ወፈር ያለ ዘይት ሙላባት፣ ድምፅዋ የሙሽራ ነው የሚሆነው። አንድ የዳምቦያ ሰው መኪና አምጣልኝ እያለ አስጨንቆኛል። ነገ ላምጣው?»

ባለቤቴ እምቢ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። መሬት መሬት እያየ «እስቲ ልይ» አለው።

ማታ እራት ቀረበ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ምግቡን ባረከ። ልባችንን እንዲያነጻልን ጭምር ጸለየ። «አሜን» ማለት አቃተኝ። አፌ ውስጥ ያለው ምሬት የእርግዝናው ይሁን የሌላ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

«ልትሸጣት ነው?» አልኩት።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሳትነግረው?»

«እኛስ ስንገዛ የነገረን አለ?» ድምፁ ከፍ አለ። «ማን አዘነልን? ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሸጠው። ልጅ እየመጣ ነው። ልጁን ድንች ብቻ ላበላው?»

«ያ ሰው ቁልቁለት ላይ እንዲህ ብትሆንበትስ? ሞተሩ ሲጮህ ምን ማድረግ እንዳለበት ባያውቅስ?»

«አንቺ አሁን ሁሉ ነገር ያስጠላሻል» አለኝ።

ሰሃኑን አንሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋ ወፍራም ዘይት ተሞልታ፣ ታጥባ፣ ግቢያችን ቆመች። ድምፅዋ እውነትም አምሮ ነበር። እኔም እንግዳ ይመጣል ተብሎ ድንች ቀቅዬ ማባያ የበርበሬ ዳጣ አዘጋጀሁ፤ ምን እንደማደርግ ገና ሳላውቅ። ሰውየው ከሚስቱ ጋር መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ለከተማ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ሚስቱ ሕፃን አዝላለች። ከዳምቦያ ሲነሡ ዝናብ ስለመታቸው ጫማቸውን በራችን ላይ በጥንቃቄ ጠረጉ። ደላላው ሞተሩን አስነሥቶ «ስማው! ስማው!» ይላል። ሰውየው መለኪያውን አወጣ፤ ልኩ ልክ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ባለቤቴ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ አጥሩ ያያል።

ሰውየውና ሚስቱ በከምባትኛ መነጋገር ጀመሩ። እናቴ የአንጋጫ ከምባታ ናት፤ ከምባትኛ እሰማለሁ። እነሱ ግን አላወቁም። ሴትዮዋ ልጁን እያባበለች «የቤቱ ቆርቆሮ ለሚመጣው ዓመት ይቆይ፤ ይህችን እንግዛት» አለችው። «ቤታቸውን አየህ? ግድግዳው ላይ የጌታ ቃል ሰቅለዋል። የሚያታልሉ ሰዎች አይመስሉም።»

የሆነ ነገር ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የዚያን ቀን ግን ሽታ አልነበረም።

«ዘይቱ ትናንት ነው የተቀየረው» አልኩ። በከምባትኛ ነው የተናገርኩት። ሴትዮዋ ክው አለች። በአማርኛ ደገምኩት። «ፖምፑ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ያስገባል። ከትናንት ወዲያ ዶዮገና መንገድ ላይ ቁልፉ ተነቅሎ ሞተሩ አልጠፋ ብሎን ነበር።»

ደላላው መሳቅ ጀመረ። «እርጉዝ ናት፣ አትስሙዋት። ሽታ ሁሉ ናፍጣ ይመስላታል። እታለም፣ ግቢ አንቺ፣ ዕረፊ!» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። በዚያ ጥርሱን ሲጎረጉርበት በነበረ እጁ። ክንዴን መነጨቅኩት።

ሰውየው ደላላውን አላየውም፤ እኔንም አላየኝም። ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«ወንድሜ፣ የምትለው እውነት ነው?»

ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነው። ባለቤቴ ሄዶ አጠፋው። ተመልሶ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«እውነት ነው» አለ።

ደላላው እግሬ አጠገብ ምራቁን ተፋና ለባለቤቴ ጀርባውን እየሰጠ «ሚስትህን ነው መሸጥ ያለብህ!» ብሎ ወጣ። ሰውየው ግን አልሄደም። ሲያመሰግነን ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ አላመሰገነንም። «ልታርዱኝ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ገንዘቡን ብቻ አይደለም። እኔ የምነዳው ልጆቼን ጭኜ ነው።» ብሉ አልናቸው። አልበሉም። ሚስቱ በር ላይ ስትደርስ ሆዴን አየችና «ጌታ በሰላም ያውጣሽ» አለችኝ፤ በከምባትኛ። ድምፅዋ ውስጥ ፍቅር አልነበረም። የተቀቀለው ድንች ሰሃን ላይ ቀዘቀዘ። ወስጄ ለጎረቤት ላም ሰጠሁት።

ባለቤቴ ለብዙ ቀን አኮረፈኝ። «እኔው እነግረው ነበር» አለኝ በመጨረሻ። እውነቱን ይሁን አይሁን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሞተሩ ተፈታ። ውስጡ መካኒኩ እንደፈራው ብዙም አልተጎዳም፤ ግን የተፋጩ ብረቶች ነበሩ፤ ተቀየሩ። የፖምፑ ጎማ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ተጠበቀ። እኔ በሰው መኪና እያስጫንኩ ከድንቹ የሚተርፈኝ ነገር ሳይኖር ከረምኩ። እናቴ የሰጠችኝ ጊደር ነበረች፤ እሷም ለዚሁ ሄደች። ባለቤቴ በዚያ ጊዜ ጋራዥ ውሎ የቀን ሥራ ሠርቷል፤ ሲመሽ የሚገባው ከድሮው የባሰ ሸትቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በር ላይ ልብሱን አውልቆ፣ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጎ፣ «አሁንስ?» ብሎ ሳይጠይቀኝ ቤት መግባት ተወ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ እንዳሉት ቁርጥ እሱን ትመስላለች። ይለቅሻል ያሉት ሽታ ግን አልለቀቀኝም። መኪናዋ ተጠግና መሥራት ስትጀምር ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ዘይቱ ልኩን ይጠብቃል፣ ወፍራም ነው፣ ከጥሬ ናፍጣ ንጹሕ ነው። እሱ እየመዘዘ ያሳየኛል። እኔ ግን ጋቢናው ውስጥ ገብቼ በሩ ሲዘጋ ያው ሽታ ይመጣብኛል። ዶዮገና የምወጣው በሚኒባስ ሆነ። እሱ ከኋላ ይመጣና ገበያው ላይ እንገናኛለን።

ልጅቷ መቀመጥ በጀመረች ጊዜ አንድ ምሽት እያጫወታት ሳለ ድንገት ጠየቀኝ። ስለዚያ ቀን ያነሣው ያኔ ብቻ ነው።

«ሰውየው ሲጠይቀኝ ‹ውሸት ነው› ብለው ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እናቴ ጋ እሄድ ነበር» አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጅቷም ሲስቅ አይታ ሳቀች። እኔ ጡት ላጠባት ተቀበልኩት፤ መጀመሪያ ግን ይዟት የነበረበትን ክንዷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁላት።